እጥፍ የተከፈለባቸው ሁለት ሳምንታት

ውድ ከድሪያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ይህን የምጽፍልሽ በስልክ ብነግርሽ ስለምታቋርጪኝ ነው። ታውቂዋለሽ፤ እኔ አንድ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ አንቺ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትዪና ወሬው እዚያው ያልቃል። ወረቀት ግን አብሽሪ አይባልም። በረራሽ የፊታችን ሐሙስ ስለሆነ ከዚያ በፊት እጅሽ እንዲገባ ራሴ ብሩክሊን ፓርክ ድረስ ነድቼ ቢሮሽ አደርሰዋለሁ። መኪናዬ እንዴት እንደምትንኳኳ እሑድ ዕለት ሰምተሻል፤ ስለዚህ ይህ ለእኔ ቀላል መንገድ እንዳልሆነ ይገባሻል።

እሑድ ከዙህር በኋላ ስትመጪ ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ አሮጌው ሕንፃችን፣ ድሮ አንቺ ከምትኖሪበት በር ፊት ለፊት ቆመሽ ሳይሽ እንባዬ መጣ። ያው ሶፋ ላይ ተቀመጥሽ። ሶፋው ጎድጓዳ ቦታ እንዳለው ረስተሽ ሰመጥሽና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እጄን ይዘሽ «ሀይፋዬ፣ ሐጅ ልሄድ ነው። የሰው ሐቅ ይዤ ካዕባ ፊት መቆም አልችልም። በማውቀውም በማላውቀውም አፉ በይኝ» አልሽኝ።

እኔም እናቶቻችን እንዳስተማሩን መለስኩልሽ። «አፉ ብዬሻለሁ፤ አላህ ሁላችንንም አፉ ይበለን» አልኩሽ። ምን አድርገሽኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሐጅ የሚሄድ ሰው አይመረመርም። አፉ ይባላል፣ ዱዓ አድርጊልኝ ይባላል፣ ይሸኛል። አንቺም ይህን ደንብ ከእኔ አሳምረሽ ታውቂዋለሽ። ለዚህም ይመስለኛል ሻይሽን እንኳ ሳትጨርሺ፣ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ትተሽ የወጣሽው።

ፖስታውን የከፈትኩት ዘምዘም ላምጣልሽ ብለሽ ከነገርሽኝ በኋላ፣ ገና መኪናሽ ከግቢው ሳይወጣ ነው። የጠበቅኩት የሽኝት ካርድ ነገር ነበር። የወጣው ግን ዘጠኝ ገጽ ወረቀትና ቼክ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ የድርጅትሽ ምልክት አለበት፤ ያ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅትሽ፣ ሁለት እጆች አንድ ልብ ያቀፉበት። ከሥሩ «የሕፃን እንክብካቤ፣ ሀይፋ» ይላል። ቀን፣ ሰዓት፣ የሰዓት ዋጋ። ልጅሽ ሱንዱስ ከተወለደች ከአምስተኛ ወሯ ጀምሮ አንደኛ ክፍል እስክትገባ ድረስ፣ እያንዳንዱ ሳምንት። አንዱ ሰዓት በሰባት ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም። ቼኩ አርባ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ዶላር።

አክረም ከትከሻዬ በላይ አየውና «ማም፣ ሚኒመም ዌጅ ነው የከፈለችሽ? ሲሪየስሊ?» አለኝ። ሕጉ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚለውን ዋጋ ማለቱ ነው። ልጅ አይዋሽም። ልስቅ ፈልጌ አልመጣልኝም።

ከድሪያ፣ እኔ ያንቺ ቤቢሲተር ነበርኩ እንዴ?

እስቲ አስታውሺ። ሱንዱስን ወልደሽ በአምስተኛ ወሯ ሆድሽን ተቀደሽ ሆስፒታል ስትተኚ፣ ልጅቷ ጡጦ አልይዝም ብላ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ነርሷ ሦስት ዓይነት ወተት ሞከረች። እኔ ገና ጡት የሚጠባውን አክረምን ይዤ ልጠይቅሽ መጥቼ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ማንንም አላስፈቀድኩም። ተቀብዬ አጠባኋት። አንቺ በመድኃኒቱ ደንዝዘሽ ዓይንሽን ገለጥ አድርገሽ አየሽንና «አሁን እህቴ ሆንሽ፤ አክረምም ወንድሟ ሆነ» አልሽኝ። ሃያ ሦስት ቀን ነው ያጠባኋት። በሃይማኖታችንም ልጄ ሆነች። ይኸው እስከ ዛሬ አክረም ፊት ሒጃቧን አውልቃ ፍሪጄን ከፍታ የፈለገችውን ትበላለች፤ ወንድሟ ነዋ።

ዘጠኙን ገጽ ገልጬ ያ ሃያ ሦስት ቀን የት እንደገባ ፈለግኩ። የለም። ቀኖቹ አሉ፤ ሰዓታቸው ተጽፏል፤ ወተቱ ግን የለም። ዋጋ አጥተሽለት ይሆን ወይስ አፍረሽ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብር የናቀች ሰው መምሰል አልፈልግም። ብር አልጠላም። ብር የሚጠላ ሰው ሚኒሶታ ክረምት ላይ የማሞቂያ ቢል መጥቶለት አያውቅም ማለት ነው። የመኪናዬን ትራንስሚሽን ለመቀየር መካኒኩ ኦላና ሦስት ሺህ አራት መቶ ብሎኛል፤ ያውም «ላንቺ ስለሆነ» ብሎ። አክረም በመስከረም ኮሌጅ ይገባል። አንቺ ቢሮ ስትከፍቺ፣ ቤት ስትገዢ፣ ሁለተኛ ቤት ስትገዢ፣ እኔ ቅዳሜና እሑድ ሜፕልዉድ ያሉ አረጋውያን እያጠብኩ፣ አልጋ እያነጠፍኩ ነው የቆየሁት። አንድም ቀን ግን ምነው ለእኔ ብዬ አላውቅም። «ከድሪያ መንገድ ላይ ወድቆ አላገኘችውም፤ ለፍታ ነው» እያልኩ ሰው ፊት ስሟገትልሽ ኖሬያለሁ። ቼኩ ከእናንተ ቤት በስጦታ ቢመጣ፣ «ሀይፋ፣ መኪናሽ ሞቷል አሉ፤ እንቺ» ብለሽ ብትሰጪኝ ስሜሽ እቀበል ነበር። ያመመኝ ብሩ አይደለም። ያመመኝ እኔ በፍቅር ያደረግኩትን አንቺ ቁጭ ብለሽ በሰዓት መቁጠርሽ ነው። እኔ እህት ነኝ ስል የኖርኩትን፣ አንቺ ስትከፍዪኝ ሠራተኛ ሆኜ አረፍኩት።

ይህን ሁሉ ግን በሆዴ ይዤው እቀር ነበር። ወላሂ፣ ሐጅሽን አላበላሽም ብዬ ወረቀቱን መልሼ ልከተው ነበር። ሰባተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ ባያርፍ ኖሮ።

ፌብሩዋሪ ሁለት ሺህ አስራ አራት። ሁለት ሳምንት። ሰማንያ አራት ሰዓት። የሰዓቱ ዋጋ አስራ አራት ዶላር ከሃምሳ። እጥፍ።

መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ከዚያ ኦቨርታይም ይሆናል አልኩ። ወደ ኋላ ሄጄ ሌሎቹን ሳምንታት አየሁ። በበጋ ስልሳ ሰዓት የጠበቅኩበት ሳምንት አለ፤ ሰባት ከሃያ አምስት። በዒድ ቀን የጠበቅኩበት አለ፤ ሰባት ከሃያ አምስት። ሱንዱስ ኩፍኝ ይዟት አምስት ቀን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ያዋልኩበትም ያው ሰባት ከሃያ አምስት ነው። ከስድስት ዓመት ሁሉ እጥፍ የተከፈለው ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ምን እንደነበሩ ሁለታችንም እናውቃለን።

የድርጅትሽን ፈቃድ ሊሰጡ መርማሪዎች የሚመጡበት ጊዜ ነበር። ፊትሽ ጠቁሮ፣ ፋይል ተሸክመሽ ትወጪ ትገቢ ነበር። እኔ ደግሞ እናቴ አላምር ብላኛለች። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ስደውል ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። ደሴ ልሄድ ነው አልኩሽ። «ሀይፋዬ ሞቼ እገኛለሁ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሺኝ፤ እነዚህ ሰዎች ይለፉልኝ እንጂ ቲኬትሽን እኔው ነኝ የምቆርጥልሽ። ሱንዱስን ለማን ጥዬ?» አልሽኝ። እሺ አልኩ። እቤት ስደውል ስልክ አይነሳም። ወንድሜ አብዱልሰመድ ጋ ስደውል አይነሳም። ምን ሆነው ነው ስልሽ «አብሽሪ፣ ኔትወርክ ነው፤ የአገራችንን ኔትወርክ አታውቂውም?» አልሽኝ። አመንኩሽ። ሱንዱስንና አክረምን በረዶ ላይ ሳንሸራትት ዋልኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ፣ ቅዳሜ ከፈጅር ሰላት በኋላ በሬን አንኳኳሽ። ታች ፎቅ ያለችውን ስመኝንና ሁለት ሴቶችን አስከትለሽ ነበር። ፊታችሁን ሳይ ገባኝ። መርዶውን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የያዝሽኝም አንቺ ነሽ። ሦስት ቀን ወጥ እየሠራሽ፣ ለቀስተኛ እያስተናገድሽ ደረቴን ስደቃ እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ።

ሐዘኑ ጋብ ሲል አብዱልሰመድን ያዝኩት። «ለምን ታማለች አላልከኝም? ቀብሯ ቢያልፈኝ ለምን ዓይኗን አላሳየኸኝም?» አልኩት። «ሀይፋ፣ በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ ዱብ አይደረግም ብዬ ለከድሪያ ነግሬያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ነው የነገርኳት። አረጋግታ ትንገራት፣ አውሮፕላን ታሳፍራት ብዬ» አለኝ። አንቺን ጠየቅኩሽ። ታስታውሻለሽ? ወጥ ቤት ቆመሽ፣ ሰሃን እያጠብሽ፣ ዞረሽ ሳታዪኝ «ወላሂ የደወለልኝ ያረፈች ቀን ነው። ሰው ሲያጠፋ የሚያላክክበት አያጣም» አልሽኝ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል አይደል የሚባለው? እኔም ቅርቤን አመንኩ። የአንድ እናት ልጅ የሆነውን ወንድሜን ውሸታም አልኩት። «የእናቴን ሞት አላክከህ ሰው ላይ ትለጥፋለህ? ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አልኩት። እሱም ኩሩ ነው፤ ታውቂዋለሽ የእኛን ቤት ሰው፤ ሁለተኛ አልደወለም። አስራ ሁለት ዓመት። ልጆች ወልዷል፤ ስማቸውን አላውቅም። በየረመዳኑ ዝምድና የቆረጠ ጀነት አይገባም ሲባል እየሰማሁ፣ ቆራጩ እሱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። አንቺም አጠገቤ ተቀምጠሽ ትሰሚ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ያረፈች ቀን ብቻ ከሰማሽ፣ ለሁለቱ ሳምንት እጥፍ ለምን ከፈልሽ?

መልሱን ካንቺ አልጠበቅኩም። ሱንዱስ ዘንድ ደወልኩ። ምንም እንዳታስብ አድርጌ፣ ወረቀቱን ማን እንዳዘጋጀው ጠየቅኳት። «እኔ ነኝ ታይፕ ያደረግሁት፣ እማ ሀይፋ። ለምን?» አለችኝ። «ፌብሩዋሪ ላይ ያለው ለምን ደብል ሆነ የኔ እናት?» አልኳት። «አይ ዶንት ኖው። ማም ዝም ብለሽ ደብል አድርጊው አለችኝ። ሺ ዋዝ ክራይንግ፣ ሶ አልጠየቅኳትም» አለችኝ። ከዚያ የተቀየምኳችሁ መስሏት «አር ዩ ማድ አት አስ?» አለችኝ። አንቺን አይመለከትሽም ልጄ፣ ነገ መጥተሽ ብይ አልኳት።

ስለዚህ አልቅሰሻል። ይህን በማወቄ ትንሽ ቀለል አለኝ ብልሽ አልዋሸሁም። ድንጋይ አልሆንሽም። ግን ከድሪያ፣ አልቅሰሽ ያደረግሽው ምንድን ነው? ምላስሽ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር ዋጋ አወጣሽለት። አፉ በይኝ ስትዪኝ እቅጩን መንገር ሲያቅትሽ እጥፍ ከፈልሽ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይላሉ፤ አንቺ እውነት መሰለሽ።

በማግስቱ ጠዋት፣ በእነሱ አመሻሽ ላይ መሆኑ ነው፣ ለአብዱልሰመድ ደወልኩ። ቁጥሩን አልቀየረም። «ማን ልበል?» አለ። ድምፁ የአባቴን ሆኗል። «ሀይፋ ነኝ» አልኩት። የተቋረጠ መስሎኝ ልዘጋው ስል «አክረም ደህና ነው?» አለኝ። ስሜን ከሰማ በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይኼ ነው።

አፉ በለኝ አልኩት። እንዳንቺ በማውቀውም በማላውቀውም አላልኩም። «ውሸታም ያልኩህን፣ ወንድም የለኝም ያልኩህን፣ ከድሪያን አምኜ አንተን የካድኩህን አፉ በለኝ» አልኩት። ጥፋቴን በስሙ እየጠራሁ፣ አንድ በአንድ። እያለቀሰ አፉ አለኝ። ከዚያ ያልጠየቅኩትን ነገረኝ።

አንቺ የዋሸሽው እኔን ብቻ አልነበረም ለካ። እሱ በየሁለት ቀኑ እየደወለ «ነገርሻት ወይ?» ሲልሽ «ነግሬያታለሁ፣ ቲኬት ቆርጣለች፣ ሐሙስ ትገባለች» ብለሽዋል። ስልኬን ያላነሳው ለዚህ ነው፤ በመንገድ ላይ ያለችውን እህቴን በስልክ አላስለቅስም ብሎ። ለእማም ነግሯታል። ሐሙስ ትገባለች አላት። ከሆስፒታል አውጡኝ፣ ልጄ ስትመጣ ቤቴ ታግኘኝ ብላ ቤቷ ተመልሳለች። አዲስ አንሶላ አስነጥፋለች። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። ዓርብ ጠዋት «አውሮፕላኑ ዘግይቶባት ይሆናል» አለች፤ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

በዚያ ሐሙስ እኔ የት እንደነበርኩ ዘጠኙ ገጽ ላይ አለ። ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት፣ አስራ አራት ዶላር ከሃምሳ።

አንቺ በዚያ ዕለት ፈቃድሽን አገኘሽ። ኬክ ይዘሽ መጥተሽ ሱንዱስን ከእኔ ስትቀበዪ አቅፈሽኝ ነበር።

ለምን እንዳደረግሽው አላጣሁትም። ፈርተሽ ነበር። ያ ፈቃድ ካመለጠሽ ያጠራቀምሽው ሁሉ ሊሄድ ነበር፤ ከኔም ሌላ ልጅሽን የምትጥዪለት ሰው አልነበረሽም። ሁለት ሳምንት ምን አላት፣ እናቷ ትጠብቃለች ብለሽ ይሆናል። ብትነግሪኝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ግን ታውቂያለሽ? ሱንዱስን ይዣት እሄድ ነበር። ፓስፖርት ነበራት። ልጄ ናታ። እማ ሁለቱንም ሳትለይ ትስማቸው ነበር። ይህ ብልሃት ላንቺ አልመጣልሽም፤ ምክንያቱም ያኔም ቢሆን አንቺ ሒሳብ ላይ ሠራተኛ እንጂ እህት አልነበርኩም። እኔ ነኝ ዘግይቼ የነቃሁት።

እሑድ ያልኩሽን አፉ አላነሳውም። ቃሌ ነው። ግን ያ አፉ የተባለው ለማውቀው ነገር ነበር፤ ለሰበርሽብኝ ብርጭቆ፣ ለረሳሽው ልደት፣ ለሚኒመም ዌጅሽም ጭምር ይሁንልሽ። የዚህኛው ባለቤት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። አንዱ ባለቤት ደሴ ነው ያለው፤ ቁጥሩን ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ። ከሐሙስ በፊት ደውዪለት። «በማላውቀው» እንዳትዪው። ያልሽውን ቃል በአፍሽ በዪው። ሌላዋን ባለቤት መቼም በስልክ አታገኚያትም፤ እሷን እዚያ ስትደርሺ ፈጣሪዋን ጠይቂው።

ሱንዱስ እንደ ድሮዋ ትመጣለች። ምንም አልነግራትም፤ ትልቅ ስትሆን አንቺ ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ወተቱ በወረቀትሽ ስላልገባ ያልተከፈለ ነው፤ እንዳልተከፈለ ይቅር።

አሁን ወደ ቼኩ። ቀዳድጄ የምልክልሽ መስሎሽ ከሆነ አልቀደድኩትም፤ ይኸው ከነዘጠኝ ገጹ ደብዳቤው ውስጥ አለ። እህትሽ ብሆን ደሞዝ አልቀበልሽም ነበር። ሠራተኛሽ ከነበርኩ ግን ሠራተኛ ደሞዙን ይቀበላል፤ ኦላናም መኪናዬን እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ሌላ ቼክ ጻፊልኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ግን በራስሽ እጅ ሰርዢያቸው። እነሱን አልሸጥኩልሽም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ አስራ ስምንት ዶላር ቀንሺ።

ሀይፋ፣
የሱንዱስ የጡት እናት